የአውራ ጎዳና 93 ዳግም ግንባታ በፍላትሄድ ሪዘርቬሽን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአሜሪካ ሞንታና ግዛት፣ በነባር ሕዝቦች መሬት ላይ ስለሚያልፈው አውራ ጎዳና አንባብያን ደጋግመው ለሚያነሷቸው ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች ናቸው፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

አውራ ጎዳና 93 የቱ ነው? የሚያልፈውስ በማን መሬት ላይ ነው?

ዩኤስ 93 ከአሪዞና ተነሥቶ በኔቫዳ፣ በአይዳሆና በሞንታና በኩል እስከ ካናዳ ድንበር የሚዘልቅ ረጅም የፌዴራል መንገድ ነው። እዚህ የምንነጋገርበት ክፍል ከሚዙላ ከተማ በስተሰሜን ከምትገኘው ከኢቫሮ እስከ ፖልሰን ያለው 56 ማይል፣ ማለትም 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የሚያልፈው በፍላትሄድ ሪዘርቬሽን ውስጥ ለውስጥ ነው። አርሊ፣ ራቫሊ፣ ሴንት ኢግኔሸስ፣ ሮናንና ፓብሎ የተባሉት ትንንሽ ከተሞች ሁሉ በዚሁ መንገድ ላይ የተደረደሩ ናቸው።

ሪዘርቬሽን ማለት ነባር ሕዝቦች ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በተፈራረሙት ውል ለራሳቸው ያስቀሩት ምድር ነው። ብዙ ሰው «መንግሥት የሰጣቸው መሬት» አድርጎ ስለሚያስበው ነገሩን ማቃናት ያስፈልጋል። በ1855 በተፈረመው የሄልጌት ውል የሳሊሽ፣ የፖንደሬይና የኩተናይ ሕዝቦች ከ20 ሚሊዮን ኤከር በላይ መሬት ለቀው 1.3 ሚሊዮን ኤከር ያህሉን ለራሳቸው አቆዩ። ያም ቢሆን በ1904 በወጣ ሕግ መሬቱ ተሸንሽኖ፣ በ1910 ለውጭ ሰፋሪዎች ክፍት ሆነ። ዛሬ በሪዘርቬሽኑ ከሚኖሩት ሰዎች አብዛኞቹ የነገዶቹ አባላት አይደሉም፤ የመሬቱ ይዞታም የነገድና የግል እየተቀላቀለ እንደ ዳማ ሰሌዳ የተዥጎረጎረ ነው። የመንገዱን ታሪክ ይህን ሳያውቁ መረዳት አይቻልም።

መንገዱን ያን ያህል አደገኛ ያደረገው ምን ነበር?

በምዕራብ ሞንታና በመኪኖች የኋላ መከላከያ ላይ «ጸልዩልኝ፤ የምነዳው በአውራ ጎዳና 93 ላይ ነው» የሚል ተለጣፊ ጽሑፍ ይታይ ነበር። ሰዎች እንዲህ እስኪሉ ያደረሳቸው በመንገዱና በተሸከመው ትራፊክ መካከል የነበረው አለመመጣጠን ነው። መንገዱ ባለ ሁለት መስመር ሲሆን ትከሻው (ከመንጃው መስመር ውጭ ያለው የመንገዱ ዳር) ጠባብ ነበር፤ በየጥቂት ሜትሩ የእርሻና የመኖሪያ ቤት መግቢያ ይከፈትበታል። በዚያ ላይ ትራክተር፣ የጭነት መኪና፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስና ወደ ግላሲየር ብሔራዊ ፓርክ የሚጣደፍ ጎብኚ በየራሳቸው ፍጥነት ይጓዙበታል።

እንዲህ ባለ መንገድ ላይ አደጋው የሚመጣበት መንገድ የታወቀ ነው። ወደ ግራ ለመታጠፍ የቆመ መኪና ከኋላ ይገጫል፤ ከዘገምተኛው ጀርባ የተሰለፈ ሹፌር ትዕግሥቱ አልቆ ደርቦ ሲቀድም ፊት ለፊት ይጋጫል፤ ለአፍታ ያንቀላፋ ደግሞ ትከሻ ስለሌለ የሚመለስበት ቦታ ያጣል። ሲመሽ አጋዘን ይጨመርበታል። መንገዱ የሚዙላን ሸለቆ ከፍላትሄድ ሐይቅ ጋር ሲያገናኝ፣ እንስሳቱ ከሚሽን ተራሮች ወደ ወንዞቹ የሚወርዱበትን መስመር ያቋርጣል።

በነባር ሕዝቦች ዘንድ የመንገድ ሞት የሚበዛው በመጠጥ ምክንያት አይደለምን?

ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይነሣል፤ በቅንነት መመለስም ይገባዋል። በአሜሪካ ከሕዝብ ቁጥር ጋር ሲነጻጸር በትራፊክ አደጋ የመሞት ምጣኔ ከፍተኛ የሆነው በነባር ሕዝቦች ዘንድ ነው፤ በእግረኞች ሞትም እንዲሁ። ጠጥቶ ማሽከርከርና የደኅንነት ቀበቶ አለማሰር የችግሩ አካል መሆናቸውን ነገዶች ራሳቸው አይክዱም፤ በራሳቸው ፖሊስና በራሳቸው የጤና መርሐ ግብሮች ይሠሩበታል።

ነገር ግን ምክንያቱን ሁሉ በሹፌሩ ላይ መጣል መንገዱን ከተጠያቂነት ነጻ ማውጣት ነው። ሰው መኪና ስለሌለው በጨለማ በአውራ ጎዳና ዳር በእግሩ ይሄዳል፤ የእግረኛ መንገድ የለም፤ መብራት የለም። አደጋ ሲደርስ አምቡላንስ የሚመጣው ከሩቅ ነው፤ ከከባድ አደጋ በኋላ ደግሞ እያንዳንዱ ደቂቃ ዋጋ አለው። መንገዶቹም የግዛት፣ የካውንቲ፣ የነገድና የፌዴራል እየተባሉ ስለተከፋፈሉ የአደጋ መዝገቡ አንድ ቦታ አይሰበሰብም፤ ባልተመዘገበ አደጋ ደግሞ በጀት መጠየቅ ያስቸግራል። በ2021 የወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ ከነገዶች የትራንስፖርት ገንዘብ ለደኅንነት የሚመደበውን ድርሻ ከ2 በመቶ ወደ 4 በመቶ ያሳደገውም ለዚህ ነው።

ነገዶቹ መንገዱ እንዲሰፋ ያልፈለጉት ለምን ነበር?

ያልፈለጉት ደኅንነቱን ሳይሆን የቀረበላቸውን ንድፍ ነው። በ1996 የተጠናቀቀው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ መንገዱን በአመዛኙ ወደ ባለ አራት መስመር የማስፋት ሐሳብ ይዞ መጣ። ከሩቅ ለሚያየው መልካም ይመስላል፤ ሰፊ መንገድ ጥሩ መንገድ ነው የሚለው እምነት በእኛም አገር የተለመደ ነው። የሳሊሽና የኩተናይ ጥምር ነገዶች (የሪዘርቬሽኑ ሦስት ሕዝቦች የጋራ መንግሥት) ግን ሰፊው መንገድ ምን ይዞ እንደሚመጣ ጠየቁ። መንገዱ ፈጣን ሲሆን ሪዘርቬሽኑ የሚዙላ ሠራተኞች ማደሪያ ሠፈር ይሆናል፤ መሬቱ ይሸነሸናል፤ የቀብርና የሥርዓት ቦታዎች፣ ረግረጎችና የእንስሳት መተላለፊያዎች በአስፋልት ሥር ይቀራሉ። በ1910 የደረሰውን ለሚያስታውስ ሕዝብ ይህ ባዶ ስጋት አልነበረም።

የምሕንድስናው ክርክርም ከነሱ ጋር ነበር። መካከሉ ያልተከፈለ ባለ አራት መስመር መንገድ በርካታ መግቢያዎች ባሉበት ገጠር ሲሠራ ፍጥነት ይጨምራል፤ ወደ ግራ የሚታጠፈው ሰው በአንድ ፈንታ ሁለት የመጪ መስመሮችን ማቋረጥ ይኖርበታል፤ አጋዘኗም ሆነች እግረኛው አስፋልት ላይ የሚቆዩበት ጊዜ ይረዝማል። ስለዚህ «ስፋት ወይስ ደኅንነት» የሚለው ጥያቄ በዚህ መንገድ ላይ የይስሙላ አልነበረም።

የፌዴራሉ አውራ ጎዳና አስተዳደር የመስመሮቹን ቁጥርና የንድፉን ጉዳይ ሦስቱ መንግሥታት፣ ማለትም ነገዶቹ፣ የሞንታና ግዛትና ፌዴራሉ፣ እስኪስማሙበት ድረስ እንዲቆይ አደረገ። የኔ እምነት የዚህ ታሪክ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው የሚል ነው። ነገዶቹ አስተያየት እንዲሰጡ ተጋብዘው ቢሆን ኖሮ አስተያየታቸው በሰነዱ መጨረሻ ተያይዞ ይቀር ነበር፤ ፊርማቸው አስፈላጊ ስለሆነ ግን መሐንዲሶቹ ወደ ጠረጴዛው ተመለሱ። ስምምነቱ የተፈረመው በታኅሣሥ ወር 2000 (እንደ አውሮፓውያኑ ዲሴምበር 20) ነው።

«መንገዱ እንግዳ ነው» የሚለው ሐሳብ ምን ማለት ነው?

ንድፉ እንደገና ሲጀመር የተያዘው መርሕ መንገዱ በዚያ ምድር ላይ እንግዳ ስለሆነ ለቦታውና ለቦታው መንፈስ አክብሮት ማሳየት አለበት የሚል ነበር። የቦታው መንፈስ ሲባል ተራራው፣ ውሃው፣ እንስሳቱ፣ ሰዎቹና ታሪካቸው በአንድነት የሚሠሩት ነገር ነው፤ የነገዶቹ ሽማግሌዎችም አንዱን ከሌላው ነጥለው አይናገሩም። ከሲያትል የመጡ የመልክዓ ምድር ንድፍ ባለሙያዎች ይህን ወደ መሐንዲስ ቋንቋ እንዲመልሱት ኃላፊነት ተሰጣቸው።

ይህ ለጆሮ የሚጥም ቃል ሆኖ ብቻ አልቀረም። እንግዳ የቤቱን ዕቃ እንደማያሸጋሽግ ሁሉ፣ መንገዱም ኮረብታውን ቆርጦ በቀጥታ ከመሄድ ይልቅ የመሬቱን አቀማመጥ ተከትሎ በለሆሳስ እንዲታጠፍ ተደረገ። በመጠኑ የሚታጠፍ መንገድ ሹፌሩን ንቁ ያደርገዋል፤ ለረጅም ርቀት ቀጥ ያለ ጎዳና ግን ፍጥነትንና እንቅልፍን ይጋብዛል። ስለዚህ አክብሮቱና ደኅንነቱ በአንድ ንድፍ ውስጥ ተገናኙ። የወንዞችና የቦታዎች ስሞችም በሳሊሽና በኩተናይ ቋንቋዎች በመንገድ ምልክቶች ላይ ተጻፉ። ተናጋሪዎቹ እያነሱ ላሉበት ቋንቋ፣ በየቀኑ በሺዎች የሚቆጠር ሰው በሚያልፍበት ቦታ መጻፍ ቀላል ነገር አይደለም።

በመንገዱ ላይ በተጨባጭ የተቀየረው ምንድን ነው?

አብዛኛው ሥራ የተከናወነው በ2000ዎቹ አጋማሽና እስከ 2010 ባለው ጊዜ ነው። መንገዱ በአብዛኛው ባለ ሁለት መስመር ሆኖ ቀጠለ፤ ነገር ግን በየተወሰነ ርቀት መቅደሚያ መስመር ተጨመረለት። መቅደሚያው ከፊት እንደሚጠብቀው የሚያውቅ ሹፌር በመጪው መስመር ገብቶ ደርቦ ለመቅደም አይቸኩልም። ትራፊክ በሚበዛባቸው ክፍሎች ባለ አራት መስመር ተሠራ፤ ትከሻው ሰፋ፤ በመገንጠያዎች ላይ ለሚታጠፉ መኪኖች የራሳቸው መቆሚያ መስመር ተለየላቸው። በአርሊ ከተማ ደግሞ የሁለቱ አቅጣጫዎች ጉዞ ተለያይቶ በሁለት ባለ አንድ አቅጣጫ መንገዶች እንዲያልፍ ተደረገ።

በዓለም ዙሪያ ስሙን ያስጠራው ግን የእንስሳት መሻገሪያው ነው። በመንገዱ ሥርና ላይ 40 ያህል የዱር እንስሳትና የዓሣ መሻገሪያዎች ተሠርተዋል፤ ከትንሽ ቱቦ ጀምሮ አጋዘንና ድብ የሚያሳልፉ የቆርቆሮ ቅስቶች፣ ወንዙን ብቻ ሳይሆን ዳርቻውንም እንዲሻገሩ ሆነው የረዘሙ ድልድዮች አሉ። ኢቫሮ አጠገብ ያለው ከመንገዱ በላይ የሚያልፍ መሻገሪያ ስፋቱ 60 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ አፈር ለብሶ ሣርና ቁጥቋጦ በቅሎበታል። እንስሳቱን ወደ መሻገሪያዎቹ የሚመራው 2.4 ሜትር ከፍታ ያለው የሽቦ አጥር ነው። በስህተት ከአጥሩ ወደ መንገዱ የገባ እንስሳ መውጫ እንዲያገኝ በየቦታው የአፈር መወጣጫ ተሠርቷል፤ ከመንገዱ ወገን በቀስታ ወደ አጥሩ ጫፍ ይወጣና ወደ ውጭ ይዘላል፤ ከውጭ በኩል ግን ቀጥ ያለ ግንብ ስለሆነ አይወጣም።

እንስሳቱ በእርግጥ በመሻገሪያዎቹ ይጠቀማሉ?

ይጠቀማሉ። የሞንታና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የትራንስፖርት ተመራማሪዎች ከ2010 እስከ 2015 በ29 መሻገሪያዎች ላይ ካሜራ አስቀምጠው ሲከታተሉ፣ በአማካይ በዓመት ከ20 ሺህ በላይ የተሳካ ማቋረጥ መዝግበዋል። አብዛኛውን ያደረጉት ነጭ ጭራ አጋዘኖች ናቸው፤ ድቦችም የተራራ አንበሶችም ታይተዋል።

ሁሉም እንስሳ ግን አንድ ዓይነት በር አይወድም። በካናዳ ባንፍ ፓርክ ለዓመታት የተደረገው ክትትል ግሪዝሊ ድብና ኤልክ የሚባለው ትልቅ የአጋዘን ዝርያ ክፍትና ሰፊ የሆነውን የላይኛውን መሻገሪያ፣ ጥቁር ድብና የተራራ አንበሳ ደግሞ ጠበብ ያለውን የታችኛውን እንደሚመርጡ አሳይቷል። አጥሩን በተመለከተ ከአውራ ጎዳና 93 የተገኘው ትምህርት ከዚህ ይበልጥ ተግባራዊ ነው፤ ይኸውም አጥሩ ከ5 ኪሎ ሜትር ያጠረ ሲሆን ግጭትን በአማካይ በግማሽ ያህል ብቻ ሲቀንስና ውጤቱም ከቦታ ቦታ ሲለዋወጥ፣ 5 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን በአብዛኛው ከ80 በመቶ በላይ ይቀንሳል። እንስሳው በአጭር አጥር ጫፍ ዞሮ ይገባልና። ሌላው ድክመት መግቢያ መንገዶች ላይ የሚዘረጋው የብረት ፍርግርግ ነው፤ አጋዘንን በደንብ ይገታል፤ በሰፊ መዳፋቸው የሚራመዱትን ድቦች ግን ያን ያህል አያስቆምም።

ለእንስሳ ይህን ሁሉ ገንዘብ ከማውጣት ለሰው መሥራት አይሻልም ነበር?

መሻገሪያው ለሰውም ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና ከኤልክ ጋር ሲጋጭ የሚሞተው እንስሳው ብቻ አይደለም። በ2009 የታተመ የሰሜን አሜሪካ ጥናት የአካል ጉዳትን፣ የመኪና ጥገናንና ሌላውንም ወጪ ደምሮ አንድ የአጋዘን ግጭት በአማካይ 6,617 ዶላር፣ የኤልክ 17,483 ዶላር፣ ሙስ ከሚባለው ግዙፍ እንስሳ ጋር የሚደረገው ደግሞ 30,760 ዶላር እንደሚያስወጣ አስልቷል። ግጭት በየዓመቱ በሚደጋገምበት ቦታ ላይ ምንም አለመሥራት ከመሥራት የበለጠ ውድ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

በዚያ መንገድ የሚያልፍ ሹፌር ምን ማወቅ አለበት?

በአሜሪካ የጭነት መኪና የሚያሽከረክሩ ብዙ ወገኖቻችን በኢንተርስቴት 90 በሚዙላ በኩል ስለሚያልፉ፣ ቤተሰብ ይዘው ወደ ግላሲየር የሚጓዙም ስላሉ ይህን በአጭሩ ልጨምር። አጥርና መሻገሪያ ያለው መንገዱ በሙሉ አይደለም፤ አጥሩ ባለቀበት ቦታ ንቃትዎ ይጨምር። ንጋትና ምሽት፣ በተለይም በጥቅምትና በኅዳር፣ አጋዘን የሚበዛበት ሰዓት ነው፤ አንድ ካዩ ሌላ ይከተላል ብለው ይጠብቁ። ድንገት ከፊትዎ ከገባ መሪውን አዙረው ወደ መጪው መስመር ወይም ወደ ቦይ ከመግባት ይልቅ መስመርዎን ሳይለቁ ፍሬን ይያዙ። መቅደሚያ መስመር ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ ስለሚመጣ ደርበው አይቅደሙ።

ናይንፓይፕ የሚባለው ክፍል ለምን ወደ ኋላ ቀረ?

በሴንት ኢግኔሸስና በሮናን መካከል ያለው ይህ ክፍል ከሁሉም አስቸጋሪው ነው። የበረዶ ግግር ሲቀልጥ ትቷቸው የሄዱ እጅግ ብዙ ትንንሽ ኩሬዎች መንገዱን ግራና ቀኝ ከበውታል፤ ከ1921 ጀምሮም የዱር አእዋፍ መጠለያ ነው። ውሃው ከአስፋልቱ ጋር ስለሚጎራበት መንገዱን አንድ ሜትር ማስፋት እንኳ ረግረግ መድፈን ነው። ከኩሬ ወደ ኩሬ የሚሻገሩ ባለ ቀለም ኤሊዎች በየዓመቱ በብዛት ይጨፈለቃሉ፤ ከሚሽን ተራሮች የሚወርዱ ግሪዝሊ ድቦችም እዚሁ ላይ ተገጭተው ሞተዋል። የሌላው ክፍል ንድፍ እዚህ ስላልሠራ በ2008 ተጨማሪ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ማስፈለጉ የሚያስደንቅ አይደለም።

ከዚያ በኋላ የጎደለው ገንዘብ ነበር። የ2021ዱ ሕግ ለዱር እንስሳት መሻገሪያ በአምስት ዓመት 350 ሚሊዮን ዶላር የሚሰጥ መርሐ ግብር አቋቋመ፤ በታኅሣሥ 2023 ይፋ በሆነው የመጀመሪያ ዙርም በዚሁ ክፍል ከመንገዱ በላይ ለሚያልፍ መሻገሪያ 8.6 ሚሊዮን ዶላር ተፈቀደ። ለግሪዝሊ የላይኛው መሻገሪያ መመረጡ ከላይ ካየነው ጋር ይገጥማል።

በሪዘርቬሽን ውስጥ በሚያልፍ የግዛት መንገድ ላይ ሥልጣን ያለው ማነው?

መልሱ ሁለት ፊት አለው፤ በአሜሪካ ሕግ ውስጥ ከሚያሳዝኑኝ ነገሮችም አንዱ ነው። የፌዴራል መንግሥት ለነገዶች በአደራ በያዘው መሬት ላይ አዲስ የመንገድ ወሰን፣ ማለትም መንገዱ የሚያልፍበትን መሬት የመጠቀም መብት፣ ለማስከበር የነገዱ ፈቃድና የፌዴራሉ የነባር ሕዝቦች ጉዳይ ቢሮ ይሁንታ ያስፈልጋል። ይህ ለነገዱ እውነተኛ የመደራደር አቅም ይሰጠዋል።

ወሰኑ አንዴ ከተሰጠ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1997 በሰሜን ዳኮታ ፎርት በርትሆልድ ሪዘርቬሽን ከደረሰ የመኪና አደጋ በተነሣ ክስ፣ የግዛት አውራ ጎዳና የሆነ ወሰን የነገዱ አባላት ያልሆኑ ሰዎችን በተመለከተ ከነገድ መሬት ተለይቶ እንደሚታይና የነገዱ ፍርድ ቤት በእንዲህ ያለ ክስ ላይ ሥልጣን እንደሌለው ወሰነ። ስለዚህ ነገድ ድምፁ የሚሰማው ከፊርማው በፊት ነው። የፍላትሄድ ነገዶች በንድፉ ላይ ያን ያህል የጸኑት ይህን ጠንቅቀው ስለሚያውቁ ይመስለኛል።

ተቃውሞው ሥራውን ባያዘገየው ኖሮ የሚተርፉ ሰዎች አልነበሩም?

ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው። በእነዚያ ዓመታት በመንገዱ ላይ ሰው ሞቷል፤ ከሞቱትም ውስጥ የነገዶቹ ልጆች አሉበት። ቤተሰቡን በ93 ላይ ያጣ ሰው «ቶሎ ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ» ሲል ማንም ሊያርመው አይገባም።

ሆኖም መዘግየቱን በነገዶቹ ላይ ብቻ መጫን ፍትሕ አይሆንም። የመሬቱን ባለቤቶች መጀመሪያ ያልጠየቀ ንድፍ ከተጠናቀቀ በኋላ ተቃውሞ ሲገጥመው፣ ጊዜውን ያባከነው አስቀድሞ አለመጠየቁ ነው። ሦስቱ መንግሥታት በ2000 ከፈረሙ በኋላ በአሥር ዓመት ገደማ አብዛኛው መንገድ ተሠርቷል፤ ገንዘብ በጎደለበት በናይንፓይፕ ግን ከ2008 ሰነድ እስከ 2023 ዕርዳታ ብቻ አሥራ አምስት ዓመት አልፏል። በዚያ ክፍል ሹፌሮች እስከዚያ ድረስ የተጓዙት በዚያው በኩሬዎቹ መካከል ባለው ጠባብ መንገድ ላይ ነው።